ስሙ ያማረ ራምፓ

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ «ይበልሽ!» ትላላችሁ።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አንብቡና ወገናችሁን ምረጡ።

አሁን አልጋዬ ላይ ነኝ። ጉልበቴ ላይ የቀዘቀዘ ሃይላንድ በሻሽ አስሬአለሁ። ፋኑ ይዞራል፤ የሚያመጣልኝ ግን ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ስልኬ ደግሞ በሳቅ ኢሞጂ ተጥለቅልቋል፤ ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ! በኃላፊውም፣ በዳይሬክተሩም፣ በግንበኛውም። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት ግን በአንዲት መምህርት ነው። እሷም እኔ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ከሽንፋ ብዙ በማይርቅ ከተማ ሃይስኩል ውስጥ አስተምራለሁ። የከተማውን ስም አልጠራም፣ ነገ ጠዋት እዚያው ሥራ ገቢ ነኝ።

ማንጠግቦሽ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ማንጤ እንላታለን። ልጅ ሆና በያዛት ሕመም እግሮቿ አይታዘዟትም፣ የምትሄደው በዊልቸር ነው። «ውይ ምስኪን» ብላችሁ ከንፈራችሁን ልትመጥጡ ከሆነ ግን ተዉት። ማንጤ ብትሰማችሁ ምላሷን አትችሉትም።

አገራችን ሜዳ ነው። ዓይን እስኪደክም ሜዳ፣ ሰሊጥና ማሽላ ብቻ። ስለዚህ ማንጤ ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቱ ግቢ ያለማንም እርዳታ ትመጣለች። አንድ ቀን እንዲያውም ባጃጅ ቀድማ ስታልፍ አይቻታለሁ፤ ባለባጃጁ ተናዶ ክላክስ ሲነፋባት ዞራ እንኳ አላየችውም።

ችግሩ የክፍላችን በር ነው።

መሬታችን ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል፣ እባቡም ደረቅ ቦታ ፍለጋ ሳይጋበዝ ይገባል። ለዚህ ሲባል ክፍሎቹ ሁሉ ከመሬት ከፍ ብለው ነው የተሠሩት። ደረጃም አላቸው። ደረጃው ሲሠራ ማንጤን ያሰባት ሰው አልነበረም።

እና እስካሁን እንዴት ትገባ ነበር?

ተሸክመዋት። ጓደኞቿ ከነወንበሯ ብድግ ያደርጓታል። ልጆቹ ደጎች ናቸው፣ አንድም ቀን አጉረምርመው አያውቁም። ማንጤ ግን ያቺን ሰዓት እንደ ሞት ትጠላታለች። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከክፍል ስንወጣ ጠበቀችኝና እንዲህ አለችኝ።

«ቲቸር፣ እኔ የሰሊጥ ጆንያ አይደለሁም። ሲያነሱኝ 'ቀስ በል፣ በዚህ ያዛት፣ ወደዚያ ዙር' ይባባላሉ። እርስ በእርሳቸው ነው የሚያወሩት፤ እኔን የሚያዋራኝ የለም። ደረጃው አጠገብ የዊልቸር መውጫ ራምፓ ሊሠራ ነው ተብሏል፤ እሽ፣ እጠብቃለሁ። ተሠርቶ በራሴ እጅ ካልገባሁ ግን ካላስ! ትምህርት በቃኝ።»

ካላስ ከድንበር ማዶ ከሰሊጥና ከሸቀጥ ጋር የገባ ቃል ነው፤ «አለቀ፣ ደቀቀ» ማለት ነው። እኛ ዘንድ ካላስ ያለ ሰው አይለመንም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ወይ ማንጤ በራሷ እጅ ክፍል ትገባለች፣ ወይ ትምህርቷን ትታ ቤቷ ትቀራለች።

ይህን እያወቅን እኛ ምን አደረግን መሰላችሁ?

ኮሚቴ አቋቋምን!

አንድ ድጋፍ ሰጪ ድርጅት ሲሚንቶውንና ብረቱን ልኮልን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ሥራው ሲያልቅ አጠገቡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ ይቁም፣ ፎቶውም ይላክልን አለ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ዳይሬክተራችን፣ የፊዚክሱ መምህር ደረጀ፣ እና እኔ። እኔ የገባሁት «የቋንቋ ባለሙያ» ተብዬ ነው። ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

የመጀመሪያው አጀንዳ ምን ነበር? ርዝመቱ? ከፍታው? ማንጤን ጠርቶ መጠየቅ?

ማን ሲጠይቃት! አጀንዳው ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ ይጻፍ የሚል ነበር።

«ራምፓ ነው እኮ፣ ሰው ሁሉ የሚለው ራምፓ ነው» ብሎ ጀመረ መምህር ደረጀ። ዳይሬክተሩ ፊቱን አጨማደደ። «ራምፓማ የጋራዥ ቃል ነው። የውጭ ሰው የሚያነበው ሰሌዳ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ደህና ስም እናውጣለት» አለ።

እሱ ራሱ «ስሎፕ» አለ። መምህር ደረጀ ወዲያው ራምፓውን ትቶ «ኢንክላይንድ ፕሌን ነው ሳይንሳዊ ስሙ፣ ያዘመመ ወለል» አለና የፍሪክሽን ፎርሙላ መጻፍ ጀመረ።

እኔስ? እኔማ ቀን ወጣልኝ!

ጠመኔዬን አነሳሁ። ለዓመታት ሰሚ ያጣሁለትን እውቀት አፈሰስኩት። ስሎፕ ለተራራውም ለጣሪያውም ይሆናል አልኩ። ስላንት ጋደል ያለ መስመር ነው። ቲልት ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሲያዘነብል ነው። ዳያጎናል ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄድ ሰያፍ ነው። ግራዲየንት የአቀበቱ ልክ ነው። ስቲፕ ደግሞ፣ አልኩና ሰሌዳው ላይ ቀጥ ሊል ትንሽ የቀረው መስመር አሰመርኩ፣ እንዲህ ያለው ሰው የማይወጣው ነው።

በገዛ አፌ ነው ያልኩት። በገዛ እጄ ነው የሳልኩት!

«በአማርኛስ?» አለ ዳይሬክተሩ። በአማርኛማ አጭር ነው አልኩት። ከታች ላየው አቀበት፣ ከላይ ላየው ቁልቁለት፤ ነገሩ አንድ ነው፣ የሚለየው የቆምክበት ቦታ ነው። እንዴት ያለ ጥበብ ነው ተብሎ ተጨበጨበልኝ። ስብሰባው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደገና ተቀጠረ።

በዚህ መካከል በሩ ይንኳኳል። ግንበኛው ጋሽ ሞላ ናቸው።

ጋሽ ሞላ ከአብደራፊ እስከ አብርሃ ጅራ የእጃቸው ሥራ ያልቆመበት የለም። የሰሊጥ መጋዘን ሲባል እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙና «እንዴት ዋላችሁ። ምን ያህል ላዝምመው ብዬ ነው» አሉ።

እና እኛ ምን አልናቸው? ጆሯችሁን ያዙ።

«ጋሽ ሞላ፣ ስሙ ገና አልተወሰነም፤ ትንሽ ይታገሡን» አልናቸው።

ሰውየው ግራ ገብቷቸው ሄዱ። ሌላ ቀን ተመልሰው መጡ። እኛ ያን ቀን «አክሰስ»፣ መግቢያ እንደማለት ነው፣ የሚለው ቃል ከፊት ይግባ ከኋላ እየተከራከርን ነበር። ዳይሬክተሩ ቀና ሳይል «እንደሚያውቁት ይሥሩት በቃ፣ እርስዎ የዘመናት ባለሙያ አይደሉ እንዴ» አላቸው።

እንደሚያውቁት ሠሩታ!

ለደጋ ሰዎች ላስረዳ። እዚህ ሜዳ አገር አቀበት የሚባል ነገር ሰው የሚያውቀው በአንድ ቦታ ነው፣ በመጋዘን በር። መኪና ላይ የሚጫንበት ራምፓ። አጭር ነው፣ ምክንያቱም ግቢው በመኪና ይጨናነቃል። ቀጥ ያለ ነው፣ ምክንያቱም ከመኪናው አልጋ እኩል መድረስ አለበት። ሸካራም ነው፤ የተሸካሚው እግር እንዳይንሸራተት ሲሚንቶው ላይ አግድም አግድም ጥርስ ይወጣለታል። ተሸካሚው ኩንታሉን ጀርባው ላይ ይጥልና ተንደርድሮ ይወጣዋል።

ለሰሊጥ የሚሆን ነገር ነው። ለማንጤ አይደለም።

«እና ሲሠራ አላየሽም ነበር?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በአጠገቡ አልፌአለሁ፣ ግን ተሸፍኖ ነበር። በእኛ ፀሐይ ሲሚንቶ ሳይጠጣ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እርጥብ ጆንያ አልብሰውት ከረመ። ገልጬ ማየት እችል ነበር። እኔ ግን በእነዚያ ቀናት ሰዓሊው ቤት ነበርኩ፣ ሰሌዳው ላይ ፊደል እንዳይሳሳት ቆሜ እየጠበቅሁ። ሰዓሊው አንዲት ፊደል ገድፎ ስላገኘሁት እንዴት እንደጮህኩበት ባያችሁ!

በነገራችን ላይ ክርክሩን አሸንፌአለሁ። ሰሌዳው «አክሰስ ራምፕ» ይላል። መምህር ደረጀ በመጀመሪያው ደቂቃ ካለው ቃል የተለየው ከፊቱ በገባው «አክሰስ» እና በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ሳምንት የከረምነው።

እሽ፣ ወደ ዛሬ እንምጣ።

ዛሬ ምረቃ ነበር። ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ለስላሳ በበረዶ ገንዳ ውስጥ ተነከረ፣ ስፒከር መጣ። አንድ የዞን ኃላፊ ከነካሜራ ባለሙያቸው መጡ። ማይኩን የያዘ ማን ነው? እኔ! አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ።

ማንጤ ከፊት ናት። ፀጉሯን ተሠርታለች። ዊልቸሯን ወልውላው ያበራል። ማንም ከኋላ እንዳይገፋት እጀታው ላይ ደብተር የያዘ ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። ልጅቷ ለዚህ ቀን ተዘጋጅታ ነው የመጣችው፤ ሳያት ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሪባኑ ተቆረጠ። ጆንያው ተገለጠ።

አጨብጫቢው እጁን እንዳነሳ ቀረ።

አያችሁ፣ አንዳንድ ነገር መለኪያ አይፈልግም። ግድግዳ በሉት። ትንሽ ወደ ኋላ ያጋደለ፣ ጥርስ ያለው ግድግዳ! የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሳልኩት መስመር ሲሚንቶ ለብሶ መጥቶ ፊቴ ቆሟል።

ማንጤ ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ዳይሬክተሩ በክንዱ ጎሰም አደረገኝና «ቀጥይ እንጅ፣ እንግዳ ይጠብቃል» አለኝ በሹክሹክታ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማይኩን አፌ ላይ ደቅኜ «አሁን ተማሪ ማንጠግቦሽ ራምፑን ለመጀመሪያ ጊዜ በመጠቀም…» አልኩ። ድምፄ በስፒከሩ ከተማውን አዳረሰው።

«ቲቸር» አለች ማንጤ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ማይኩ ግን ሰማት። «መጀመሪያ እርስዎ ይሞክሩት።»

ተማሪው «ሆ!» አለ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። «ይህ ነገር ተበላሽቷል፣ ምረቃው ይቅር» ማለት እችል ነበር። ግን እንግዳ አለ፣ ካሜራ አለ፣ ቀሚሱ አዲስ ነው። ኩራት የሚሉት በሽታ ያዘኝና «ደስ ይለኛል!» አልኩ።

ደስ ይለኛል!

ማንጤ በክንዶቿ ራሷን አንስታ ወደ ፕላስቲክ ወንበር ተዛወረች። ዊልቸሯን ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ። «ፍሬኑ በግራ በኩል ነው፣ እንዳይረሱት» አለችኝ። ረሳሁት።

የመጀመሪያው ሙከራ አጭር ነበር። የፊት ጎማዎቹ የመጀመሪያው ጥርስ ላይ ደርሰው ቀጥ አሉ። ተማሪው ሳቀ። ወደ ኋላ ተመለስኩና ተንደረደርኩ። አንደኛውን ጥርስ ዘለልኩ! ሁለተኛውንም! ተጨበጨበልኝ። መሀል ላይ ስደርስ ክንዴ ዛለ።

ለአፍታ ቆምኩ። ወደ ፊትም የለ፣ ወደ ኋላም የለ። ሰማዩን አያለሁ፤ ፊት ለፊቴ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው ስቲፕ የሚባለው ቃል አጥንቴ ውስጥ የገባው።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ።

ጩኸቴን ስፒከሩ አጉልቶ አስተላለፈው፣ ማይኩ ጭኔ ላይ ነበራ። ጥርሶቹን በጀርባ በኩል እየቆጠርኩ ወረድኩ፣ ኃላፊው ዘለው አመለጡ፣ እኔ ሄጄ ምን ላይ ተላተምኩ?

ሰሌዳው ላይ! ፊደሉን የጠበቅሁለት፣ የተከራከርኩለት ሰሌዳ! ሰሌዳው ወደ ግራ ዘመመ፣ እኔ ወደ ቀኝ ተገለበጥኩ፣ አንድ ጫማዬ ለስላሳው ገንዳ ውስጥ ገባ። የማንጤ ዊልቸር ደህና ነው፣ ለምትጠይቁ። እንደ እኔ አይደለም፣ ጠንካራ ነው።

ውርደቱ እዚህ ላይ ያበቃ መስሏችኋል? እኔም መስሎኝ ነበር።

ከአጥራችን ማዶ የሰሊጥ መጋዘን አለ። ለአጨዳና ለጭነት ከደጋ የወረዱ ልጆች፣ እዚህ ሳሉግ የምንላቸው፣ መኪና እየጫኑ ነበር። ጩኸቱን ሰምተው አጥሩን ዘለው መጡ። ጉልበቴን ይዤ ስነሣ አንዱ እግሬን፣ አንዱ ብብቴን ያዘ። «ቆዩ፣ እራመዳለሁ!» አልኩ። ማን ሰምቶኝ!

«በዚህ ያዛት!»

«ወገቧን ደግፍ እንጅ፣ እንዳትሰበር!»

«ኧረግ! ይችማ ቀላል ናት፣ ከሰሊጥ ኩንታል አትበልጥም!» አለ አንዱ ጎጃሜ፣ ሊያጽናናኝ ይሁን ሊመዝነኝ አላውቅም።

«ኧረ አውርዱኝ!» እላለሁ። እነሱ ይነጋገራሉ። እርስ በእርሳቸው።

ጥላ ያለበት ቦታ ሊያሳርፉኝ ፈልገው ዙሪያውን ቃኙና የዘጠነኛ ክፍልን በር አዩ። አንዱ «ሆ በል!» አለ። ተንደረደሩ። እኔን ተሸክመው ያንን ራምፓ በአንድ ትንፋሽ ሽው! ብለው ወጡት!

ራምፓው ሠራ።

ከኋላ የጋሽ ሞላ ድምፅ መጣ፣ በደስታ የሰከረ። «ይኸው! አላልኳችሁም? ኩንታል ተሸክሞ ሰው ይሮጥበታል! የእኔ ሥራ እንዲህ ነው!»

አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ጭብጨባው ጣራ ያነሳ ነበር። እነዚያ ልጆች የገዛ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙኝ፣ «እግዜር ይማርሽ» ብለውኝ ወደ ጭነታቸው ተመለሱ። ክፉ አላደረጉብኝም፣ እንዲያውም ደጎች ናቸው። ንዴቴን የት ላድርገው?

ኃላፊው ወደ በሩ መጥተው ከታች አንጋጠው አዩኝ። አላስቻለኝም፣ «ክቡር ሆይ፣ ይህ መንገድ አይደለም! ልጅቷ በዚህ አትወጣም! ፈርሶ ይሠራ!» ብዬ ጮህኩ።

መልሳቸውን ቃል በቃል ልስጣችሁ። «መምህርት፣ መውረዱ ላይ ችግር የለበትም። መውጣቱ ላይ ብቻ ነው። እሱ በሂደት ይታያል።»

መውጣቱ ላይ ብቻ!

ከዚያ ማይኩን አነሱና «ራምፑ አገልግሎት መስጠት መጀመሩን በዓይናችን አረጋግጠናል» ብለው መረቁ። ፎቶውም ተለጥፏል፤ እኔ አየር ላይ ነኝ፣ አንድ እግሬ ባዶ ነው፣ ከሥሩ «የአክሰስ ራምፕ ምረቃ በድምቀት ተካሄደ» ይላል። ሼር ያደረጋችሁትን አንድ በአንድ እያየኋችሁ ነው።

ሰው ሁሉ ወደ ለስላሳው ሲሄድ እኔ ጠረጴዛው ላይ ቀረሁ። ውጭ ይሳቃል። መስኮቱ ሥር የጎማ ድምፅ ሰማሁ።

ማንጤ ናት። ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ከመስኮቱ ሥር የሚታየኝ የተሠራችው ፀጉሯና ዓይኗ ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ ተጎዱ?»

«ጉልበቴን ነው። ደህና ነኝ።»

የምትስቅ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቀችም።

«ሲያነሱዎት እንዴት ነበር?»

«ማንጤ፣ እኔ አንሡኝ አላልኳቸውም እኮ!» አልኩ፣ አሁንም እንደ ተቆጣሁ።

«እኔም ብዬ አላውቅም» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ጉልበቴ ዛሬ ቢያብጥ ነገ ይጎድላል። ይህችን ግን ምን አድርጌ ላውጣት? ትምህርት ከተጀመረ አንስቶ በየጠዋቱ ሲያነሷት ከጠረጴዛዬ ጀርባ ሆኜ ሳይ ነበር። ተማሪ እስኪገባ ሰሌዳ እያጠፋሁ እጠብቅ ነበር። «አይዞሽ» እላት ነበር፣ ደግሞ በእንግሊዝኛ!

ካላስ ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ነው ዳይሬክተሩ ለስላሳ ይዞ የገባው። ማንጤን አላያትም።

«እንኳን ተረፍሽ» አለኝ። «ነገ አስቸኳይ ስብሰባ አለን። ለድርጅቱ ሪፖርት እንልካለን፣ 'ትንሽ ቀጥ ይላል' ማለታችን አይቀርም። ስቲፕ ስንል ግን ይከብዳል፣ ስማችን ይጠፋል። አንች የቋንቋ ሰው ነሽ። ስቲፕን ለዘብ የሚያደርግ ቃል ፈልጊልን።»

ቃል ፈልጊልን!

አዎ፣ ቃሉን አውቀዋለሁ። አንድ አይደለም፣ ብዙ አውቃለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥተው ተሰለፉ፣ ሁሉም ለስለስ ያሉ፣ ሁሉም የሚያምሩ። አንዱን ብሰጠው ሪፖርቱ ይሄዳል፣ ድርጅቱ ያመሰግናል፣ ያ ግድግዳ እስከ ዘለዓለም ይቆማል።

«የለኝም» አልኩት። «ጭራሽ የለኝም! እንዲያውም ከነገ ጀምሮ በዚህ በር አልገባም። የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ኒሙ ሥር ነው። ሰሌዳ ካስፈለገኝ የዘመመውን ሰሌዳ ገልብጬ እጽፍበታለሁ!»

«ያለ ፈቃድ?» አለ።

«ያለ ፈቃድ!»

ንዴት ጥሩ ነገር ነው፣ ጉልበት አስረስቶ ያስነሳል። አንድ ጫማዬን አውልቄ፣ በራምፓው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንደ ሕፃን በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ኃላፊው እውነታቸውን ነው፣ መውረዱ ላይ ችግር የለበትም። የቀሚሴ ቁራጭ ግን ጥርሱ ላይ ቀርቷል።

ታች ማንጤ ጠበቀችኝ።

«ሰምተሻል?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛውስ ኒም ሥር ሆነ፤ ሒሳቡስ? ባዮሎጂውስ?»

ልጅቷ እንዲህ ናት። ለጭብጨባ ጊዜ አትሰጥም። ወደ ጋሽ ሞላ ሄድኩ፣ እያነከስኩ፣ እሷም አጠገቤ እየነዳች።

«ጋሽ ሞላ፣ ይፍረስ» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ የሠራሁትን አፍርሼ አላውቅም። ምን ጎደለው? አሁን በእርስዎ አልታየም እንዴ?»

«ጋሽ ሞላ» አለች ማንጤ። «እኔ በራሴ ልግባበት።»

ሽማግሌው እሷን አዩ፣ ራምፓውን አዩ፣ እንደገና እሷን አዩ። ለካ ሲሠሩት ማን እንደሚወጣበት የነገራቸው ሰው አልነበረም። ኮሚቴው የነገራቸው «የውጭ ሰው ፎቶውን ያየዋል» ብሎ ነው።

«ምነዋ ይህን አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ!» ብለው ጮኹብኝ። ተገቢ ነው፣ ዛሬ ከተጮኸብኝ ሁሉ ልክ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ግን እሳቸውም ቢሆኑ አልጠየቁም፣ ይህንንም ነግሬአቸዋለሁ። ትንሽ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «እሽ። የሚያፈርስ ሰው ካመጣችሁ እኔ መልሼ እሠራዋለሁ። ልኩን ግን ከኮሚቴ አልቀበልም» አሉ።

«ከእኔ ይቀበሉ» አለች ማንጤ።

ሳሉጎቹ ነገ ማሳ ይወርዳሉ፣ ሰሊጡ ቆሞ አይጠብቅም። ዳይሬክተሩም ነገ ስብሰባ አለበት። የሚያፈርስ ሰው የለንም።

ማንጤ ወደ ቤቷ ስትዞር «እና ካላሱ?» አልኳት።

«ካላስማ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም» አለች። «ግን ራምፓው ገና አልተሠራም አይደል? ሲሠራ ነው ያልኩት።» ከዚያ ሄደች። ሜዳው ላይ የሚቀድማት አልነበረም።

እንግዲህ ሰምታችኋል። ልጅ እንኳ መጀመሪያ ይወለዳል፣ ከዚያ ነው ስም የሚወጣለት። እኛ ግን ስሙን አሳምረን አውጥተን ልጁን የረሳን ሰዎች ነን። ከመካከላችንም ዋናዋ ክርስትና አንሺ እኔ ነኝ፣ ሳቁብኝ።

ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን አንድ ነገር። ኮመንት ላይ «ቲቸር፣ ትክክለኛው የእንግሊዝኛ ቃል እኮ እንትን ነው» የሚል ሰው እንዳላይ፣ ብሎክ ነው! ቃል ሞልቶኛል፣ ለጎረቤትም ይተርፋል።

በዚህ አካባቢ ያላችሁ፣ ዶማና መዶሻ ያለው ማን ነው? ነገ በጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንገናኝ። እኔ እያነከስኩም ቢሆን የአባቴን ዶማ ይዤ እቆማለሁ፣ ማንጤ ልኩን ትሰጣለች።

ስሙን ከገባችበት በኋላ ራሷ ታወጣለታለች።